ከኋላ ሁለት ረዳት

ጥር 14፣ ረቡዕ

ቲማቲም ገዝቼ ስልስ ይዤ ገባሁ። ከገበያው እስከ ቤቴ ምን ያህል መንገድ ነው? ምንም። ግን ግመሏ ላይ ተጭኖ በደህና የገባ ነገር የለም። ባለፈው እንቁላል ነበር። ከዚያ በፊት የጎረቤት ቴሌቪዥን... ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ግመል ያሏት የሰፈር ልጆች ናቸው። አጎቴ ጋሼ አበጀ ግድቡ ላይ ንብረት ክፍል ሲሠራ የገዛት ደብል ጋቢና ፒካፕ ናት። ወንዝ ስታቋርጥ ውሃ እንዳይገባባት ብሎ ባሌስትራው ላይ ወፍራም ወፍራም ብረት አስገብቶ ከፍ አደረጋት። በጣም ከፍ አደረጋት። ለመሳፈር የቢራ ሳጥን ላይ መቆም ግድ ነው፤ ሳጥኑን ሁልጊዜ ከኋላ ጭኜ እዞራለሁ። ጡረታ ወጥቶ አሶሳ ሲገባ ቁልፏን ሰጠኝና "አደራ፣ ቁመቷን እንዳታስነካ" አለኝ። ስለ ወገቤ አደራ ያለ ሰው የለም።

አሁን አሁን ደግሞ አመል አምጥታለች። አንዲት ጉድጓድ ከነካች መንጠሯን አታቆምም። ጉድጓዱ ያልፋል፣ እሷ ግን ትቀጥላለች... እኔም አብሬያት።

ነገ ላብራቶሪ ተረኛ ነኝ። የሰው ደም ሳይ መዋል ይሻላል፣ ቢያንስ አይነጥርም።

ጥር 18፣ እሑድ

ጉድ ሆኛለሁ።

ሕሊናን ላያት ባምባሲ ሄጄ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አባቷን አገኘኋቸው። አቶ አሳምነው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ያለች፣ ቁጥር ብቻ ስም የሆነላት የሰፋሪዎች መንደር ውስጥ ነው። "ላድርስዎት?" አልኩ። ምን አስቀበጠኝ? ሕሊና ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ተው፣ ተው ትለኛለች። እኔ ግን አማች ልሆን ነው ብዬ... ሳጥኑን አቀረብኩ፣ ደግፌ አወጣኋቸው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ራሳቸው ጣሪያውን መታ። ባርኔጣቸው እስከ ቅንድባቸው ወረደ። አላነሡትም። ሁለተኛው ላይ እስከ አፍንጫቸው። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ያዩት አይመስለኝም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዝም ብለው፣ በክብር ነጠሩ። ጨዋታ ልጀምር ብዬ አፌን ስከፍት ምላሴን ነከስኩ።

ሲወርዱ ሳጥኑ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጎትተው አወለቁ።

"ልጄ፣ እኔ በሰባ ሰባት ከወሎ በጭነት መኪና ተጭኜ ስመጣ እንኳ እንዲህ አልተንገላታሁም።"

ይህን ብለው ገቡ። ግባም አላሉኝ። ወሎዬ ደጁ ላይ የቆመን ሰው ግባ ሳይል ሲቀር... አበቃልኝ በቃ።

ጥር 19፣ ሰኞ

ሕሊና ደወለች። አባቷ ወገባቸውን ይታሻሉ። ምን አሉ አልኳት። ሽማግሌ ይላክ ብሏል አለችኝ። ዘለልኩ። ቆይ አትዝለል፣ መዝለል ያመጣው ጣጣ ይበቃል አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች መኪና የሚመጣ ሽማግሌ ደጃቸውን አይረግጥም። በሌላ መኪና ቢመጡም አይሆንም። "ልጄን የሚጭናት በሷ አይደለም ወይ? እሷው ትምጣ፣ ግን ሰው ሆና ትምጣ" ነው ያሉት። ጾም ከገባ ስለ ሰርግ ወሬ አይሰሙም። ጾሙን ደግሞ ወሎ ዘመድ ጋ ነው የሚይዙት፤ ከሄዱ መቼ እንደሚመለሱ እሳቸውም አያውቁም።

ስለዚህ የካቲት 9፣ እሑድ። እስከዚያ ግመሏ ሰው መሆን አለባት። በኔ ደመወዝ።

ሕሊና እየነገረችኝ ትስቃለች። ፊዚክስ አስተማሪ ናት፣ በሰው መከራ መሳቅ ሙያዋ ነው። እወዳታለሁ... ምን ላድርግ?

ጥር 21፣ ረቡዕ

ሻዕባን ጋራዥ ወሰድኳት። ሻዕባን የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው ሱዳን፣ ደማዚን ነው። ደማዚን ውስጥ እሱን የማያውቅ መኪና እንደሌለ ራሱ ነው የነገረኝ። ከሥሯ ገባ። እኔ ከጫማው ጋር ቀረሁ።

ባሌስትራው ነው መቼም አልኩ። ስለ መኪና ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዷ ናት።

"ባሌስትራ ደህና ነው" አለ። አንድ ነገር ነቀነቀ። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ "ሙሳዒድ ሞቷል።"

ክው አልኩ። ሙሳዒድ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ሰው ሞተ ሲሉህ ማነው እሱ ትላለህ? "እግዜር ያጽናህ" አልኩት፣ ለጫማው።

"ከኋላ ሁለቱም ሞቷል።"

ሁለት ሙሳዒድ! አደጋ ነው ወይ አልኩት። አይ፣ እርጅና ነው፣ ከሞተ ቆይቷል፣ አንተ እንዴት አላወቅህም አለኝ። አፈርኩ። እንደ ደንቡ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። "ከፊትም ደህና አይደለም፣ እየሞተ ነው" ብሎ ጨመረልኝ። ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ይሄ?

ከዚያ ስልኩ ጠራ። ሸርቆሌ የዘመድ ሰርግ አለው፣ መኪና እየጠበቀው ነው። እጁን እየጠራረገ፣ "ሌላ ሙሳዒድ ፈልግ፣ ስመለስ እሠራልሃለሁ" ብሎኝ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ሁለት ሰው ሞቶበት ሰርግ ይሄዳል? ደግሞ ሌላ ሙሳዒድ ምን ማለት ነው... ሟች በሌላ ይተካል?

ጥር 22፣ ሐሙስ

ለጋሼ አበጀ ነገርኩት። መኪናዋን ሲነካካ ነው ሙሳዒድ ሞተ ያለኝ፣ ምናልባት እሷን የሚያውቅ ሰው ይሆን አልኩት። ጋሼ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ግድቡ ላይ የንብረት ክፍል ጥበቃ የነበረ ሙሳዒድ የሚባል ወዳጅ ነበረው ለካ። ግመሏን በየማለዳው የሚያጥባት።

ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ። ጉባ ላሉት የድሮ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ደወለ። ምነው ባልነገርኩት።

ጥር 23፣ ዓርብ

ሙሳዒድ ደወለ። ራሱ። ለጋሼ።

"አቶ አበጀ፣ ሞቻለሁ ወይ?" ብሎ ጠየቀው። ከትናንት ጀምሮ ሰው እያለቀሰ ቤቱ ይመጣል። ድንኳን ሊተክሉ ነበር አሉ።

ጋሼ ነጠላውን አስተካክሎ ለበሰ። እኔን አላናገረኝም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሐጂ አብዱልሐሚድ ሱቅ ሄድኩ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ጨርቅ ነጋዴ። ከምልካቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፣ ሌላው ጋሼ አበጀ (ከታረቀኝ)፣ ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ቦዔዝ። ሐጂ ዐረብኛ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይቆጣሉም። ሙሳዒድ ማለት ምንድን ነው አልኳቸው።

"ስምም ይሆናል" አሉ ጨርቁን እየለኩ። "ትርጉሙ ግን ረዳት ነው።"

ረዳት!

ተገለጠልኝ። ሻዕባን ሐዘን ላይ አልነበረም። ረዳት የለህም ነው ያለኝ ሰውየው! አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፣ ሞቷል ያለው ጠፍቷል ለማለት ነው። ከኋላ ሁለት ረዳት ያስፈልጋል። ደግሞ ስታስበው እውነት ነው... የምትነጥረው ባዶዋን ስለሆነች ነው። ከኋላ ሰው ቢቀመጥባት ትረጋለች። አይሱዙው ረዳት አለው፣ አውቶቡሱ ረዳት አለው፣ እኔ ብቻዬን እንደ እብድ ስነዳ ኖሬ።

ቀላል ነገር ነበር። ሻዕባንን ስንት ነገር አሰብኩበት።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሸርቆሌ ደወልኩለት። ከኋላው ሰርጉ ደምቋል፣ ዙምባራው ይነፋል፣ መደማመጥ የለም። ምን ዓይነት ሙሳዒድ ልፈልግ አልኩት እየጮህኩ።

አዲስ ውድ ነው፣ አሮጌ ይሁን አለ። ጠንካራ ይሁን። "ግን የሚያፈስ እንዳታመጣ። ከታች እየው፣ እርጥብ ከሆነ ተወው።"

እሺ አልኩ። ሌላስ?

"በእጅህ ተጫነው። ዘሎ ከተነሣ አይረባም። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ውሰድ።"

ረዳት መምረጥ ይህን ያህል ጥበብ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሱዳኖች ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ተገኘ!

ጋሽ ምንያህል ይባላል። ዕድሜውን በአውቶቡስ ረዳትነት የጨረሰ ሰው ነው፤ አሁን መናኸሪያው በር ላይ ወንበር አውጥቶ የሚገባ የሚወጣውን እያየ ይውላል። አሮጌ ነው። ወፍራም ነው። ልክ እንደታዘዝኩት። ሥራ ልሰጥህ ነው፣ ግን መጀመሪያ የምጠይቅህ አለ አልኩት።

"ያፈስሃል?"

"ምኑ?"

"እንጃ... በጠቅላላው።"

አሰበበት። "ክረምት ላይ አፍንጫዬ" አለ።

ክረምት ሩቅ ነው። ጎንበስ ብዬ ከታች አየሁት፣ ደረቅ ነው። ከዚያ አስነሣሁት፣ ትከሻውን በሁለት እጄ ይዤ ተጫንኩት። ቁጢጥ አለ። መናኸሪያው ሁሉ ያየናል። ጋሽ ምንያህል ጉልበቱን ያመዋል ለካ... ቀስ... ቀስ... ብሎ ተነሣ። ሻዕባን እንዳለው! ልስመው ነበር።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለኝ።

"አልፈሃል" አልኩት።

ሁለተኛ ረዳት አላገኘሁም። በሱ ቦታ አንድ ኩንታል በቆሎ ጫንኩ። በቆሎውን አልተጫንኩትም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

የሙከራ ጉዞ። ቦዔዝን ይዤ ወጣሁ፣ ሽማግሌው መንገዱን ቢለምደው ብዬ። ጋሽ ምንያህል ከኋላ ጭነቱ ላይ፣ በቆሎው ላይ ተቀምጧል።

እውነት ለመናገር ትንሽ ረግታለች። ትንሽ። ከተማውን ልንወጣ ስንል ግን ጋሽ ምንያህል ጀመረ። "ባምባሲ! ባምባሲ! ሁለት ሰው የቀረው!" ተው ብለው አልሰማኝ። አንዷ እጇን አነሣች፣ እሱ ጣሪያውን ደበደበ፣ እኔ ደግሞ ጣሪያ ሲደበደብ እንዴት እግሬ ፍሬን ላይ እንደሚሄድ... ቆምኩ። ሁለት ሴቶች ከነዶሯቸው፣ አንድ ሰውዬ ከነአልጋው፣ አንድ ፍየል። ማንም ወዴት ነህ ያለኝ የለም።

ግመሏ በሕይወቷ እንዲህ ለስላሳ ሆና አታውቅም! ሻዕባን ሊቅ ነው አልኩ። ቦዔዝም "አይ፣ ጥሩ ናት እኮ" አለ።

ባምባሲ ሁሉም ወረዱ። በቆሎውንም ጋሽ ምንያህል የተሳፋሪ ዕቃ መስሎት አወረደው፣ የአልጋው ባለቤት ይዞት ሄደ። ባዶዋን ተመለስን። አንድ ጉድጓድ ላይ የቦዔዝ መነጽር በመስኮት ወጣ። ወርደን ፈለግነው፣ አገኘነው፣ አንድ ዓይኑ የለም። ደጁ ላይ ሲወርድ ትከሻዬን ያዘና በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ "ወንድሜ አንለይ፣ በጸሎት አስብሃለሁ" አለኝ።

አይመጣም ማለት ነው።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ለሕሊና ሁሉንም ነገርኳት። በኩራት። ሻዕባን ምን እንዳለ፣ ሐጂ እንዴት እንደተረጎሙት፣ ጋሽ ምንያህልን እንዴት እንደመረጥኩ።

ስጨርስ፣ "ተጫንከው?"

አዎ አልኳት።

"ሰውየውን?"

ስልኩን ጣለችው መሰለኝ። ከሩቅ ድምፅ ይሰማኛል፣ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አይለይም። ካርዴ አለቀ። መልሳ ደወለች፣ አሁንም ትስቃለች። ሲወጣላት በአስተማሪ ድምፅ አስረዳችኝ። ባሌስትራ ይነጥራል፣ ሥራው ነው። መንጠሩን ቀስ አድርጎ የሚያስቆምለት ሌላ ነገር አጠገቡ አለ፣ ባሌስትራውን የሚረዳ። ዘይት አለው፣ ሲያረጅ ያፈስሳል።

"ሾክ ነው አንለይ። ሱዳኖቹ ረዳት ብለው ጠርተውት ነው።"

ሾክ። ሙሳዒድ ሾክ ነው። በሾክ አጎቴን ሐዘን አስቀምጬ፣ ለሾክ ሽማግሌ ሰው ቁጢጥ አድርጌ፣ ከታች ደረቅ ነው ብዬ... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ የሚያስብ ሰው መቀመጡን ሕዝቡ ቢያውቅ።

ለአባባ አልነግረውም አለችኝ። አመሰገንኳት። "እማማ ግን አጠገቤ ናት፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ መነሣት አቅቷታል" አለች።

እሑድ መድረሱ ነው። ሾክ የለም፣ ሦስተኛ ሽማግሌ የለም። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ዛሬ ፈራሁ። ይህችን ልጅ በአንድ ብረት ምክንያት ልጣት?

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሻዕባን ተመለሰ። ሙሳዒድ አገኘህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ምንያህል ጭነቱ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ስሙን የጠሩት መስሎት እጁን አወጣ።

ነገርኩት። ምን አማራጭ አለኝ? ሻዕባን ጎማ ላይ ተቀመጠና መነሣት ተሳነው። ዓይኑን እየጠረገ ጋሽ ምንያህልን፣ "ታፈሳለህ?" አለው።

"ክረምት ላይ" አለው ጋሽ ምንያህል። ታማኝ ሰው ነው።

ጋራዡ ጀርባ የተጣለች የድሮ ፒካፕ አለች፣ የኋላ ሾኮቿ አሁንም ደህና ናቸው። ሻዕባን ፈትቶ አመጣቸው፣ ለካቸው። አጠሩ። ግመሏ ከፍ ስላለች አይደርሱም። ለሷ ቁመት የሚሆን ረጅም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ደመወዜም አይደርስበት፣ ቀኑም አይበቃ። ሻዕባን ከባሌስትራው ጋር ያለውን የጋሼን ብረት በመዶሻ መታ መታ አደረገው።

"ይሄ ይውጣ። ወይ መኪና ይወርዳል፣ ወይ ሙሽራ ይቀራል።"

አደራ፣ ቁመቷን እንዳታስነካ... ማን ነው አሁን ለጋሼ የሚነግረው?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ነገርኩት። በዚያ ብረት ስንት ወንዝ እንደተሻገረ፣ የባለሥልጣን መኪና ቆሞ እሱ እንዴት እያጨበጨቡለት እንዳለፈ አንድ በአንድ ነገረኝ። ከዚያ፣ "ሌላ ልጅ ፈልግ" አለ።

ሌላ ልጅ። እንደ ሙሳዒድ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ጋሼ ጋራዥ መጣ። ኮት ለብሶ። አልፈቀድኩም፣ ግን አንድ ጊዜ ልሰናበታት ብዬ ነው አለ። ካልፈቀድክማ ምን ስንብት አለ? አልጠየቅኩትም። ንዳት ስለው ወገቤን አለ፣ አንተ ንዳ አለኝ። ሳጥኑን አቀረብኩለት።

አንድ ዙር ወሰድኩት። የመጀመሪያው ጉድጓድ። ሁለተኛው። ጋሼ በአንድ እጁ የበሩን እጀታ፣ በሌላው ጉልበቴን ያዘ። ሦስተኛው ላይ ጣሪያው መታው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ናት?"

"ሁልጊዜ፣ ጋሼ።"

ለካ ከገዛት ጀምሮ መሪውን የያዘው እሱ ነው። ከጎን ተቀምጦባት አያውቅም። ሰው ሲያጉረመርም ጠባያቸው ይመስለው ነበር። ጋራዥ እስክንደርስ ራሱን አሻሸ።

"እኔ ብረቱን ያስገባሁት ለውሃ ነው" አለ ሲወርድ። "አንተ ግን ሰው ልትጭን ነው። አውጣው።"

ብረቶቹን በጆንያ አድርጎ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ከኋላው ሳየው አሳዘነኝ። ሮጬ ጆንያውን ተቀበልኩት፣ አልሰጥም አለ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ግመሏ ተንበረከከች። የሰፈሩ ልጆች ከበው አዩዋት፣ ግማሾቹ አኮረፉ። የቢራ ሳጥኑን አልፈልግም፣ እግሬን ብቻ አንሥቼ ገባሁ። ከኋላ ሁለት ሾክ ገባላት። የፊቶቹ ግን ሌላ ዓይነት ናቸው፣ አልተገኙም። የሞቱት እዚያው አሉ።

ማታ ልተኛ ስል... አይ፣ ገና ምሽት ነበር፣ ጋሽ ምንያህል በር አንኳኳ። ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ካፖርት ለብሶ። ጋሽዬ፣ ስህተት ነበር፣ ረዳት አያስፈልገኝም፣ የደከምክበትን እከፍልሃለሁ አልኩት። ሽማግሌ ጎድሎባችኋል ሲሉ ሰምቼ ነው አለኝ። እየሣቅኩ ወደ ሐጂ ወሰድኩት። ሐጂ ግን አልሣቁም። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ዕድሜ አለው፣ ካፖርት አለው። ምን ቀረው?" አሉ። "እንዳይጮህ ብቻ።"

እንደማይጮህ ማለ።

የካቲት 9፣ እሑድ

አሁን ገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አደረስኳቸው። መንገዱን እንደ እንቁላል ነጋዴ ነዳሁት። እኔ ከአጥሩ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረሁ፣ የሚጠየቅለት ሰው አይገባማ። የውስጡን የነገረችኝ ሕሊና ናት፣ በሩ ኋላ ቆማ ስታዳምጥ ነበር።

ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሐጂ ስለ ዘንድሮ በቆሎ ጀመሩ። ጋሼ ስለ ግድቡ ቀጠለ። ሐጂ ጋሼ ይናገራል ብለው፣ ጋሼ ሐጂ ይናገራሉ ብሎ፣ ወሬው ወደ ጨርቅ ዋጋ ሄደ። አቶ አሳምነው ታገሡ፣ ታገሡና፣ "ታዲያ ምን ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁት?" አሉ።

ጋሽ ምንያህል ነው የመለሰው። ላለመጮህ ስለማለ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ረዳት ፈልገን ነው" አለ። "ልጁ መኪና አለው፣ መንዳትም አያቅተው። ብቻውን ግን ይነጥራል። ቀስ የምታደርገው ረዳት የለችውም። እዚህ ቤት አለች ብለውን ነው የመጣነው።"

ሕሊና አለቀስኩ አለችኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ስቄ ነው እንጂ አለች። እኔ እንጃ፣ ስትነግረኝ ድምጿ ደህና አልነበረም።

አቶ አሳምነው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ወደ ውጭ ወጡ፣ ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። እኔ መሪው ሥር ዝቅ አልኩ። ዙሪያዋን ዞሩ። ከኋላ መጡና በሁለት እጃቸው ተጫኗት። ወረደች። ቀስ... ብላ ተመለሰች። "ኧኸ" አሉ። ወደ ፊት መጡ። ተጫኗት። ላይ ታች፣ ላይ ታች፣ ላይ ታች... እኔ ውስጧ ሆኜ ሳልፈልግ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እሺ እሺ እንደሚል ሰው። በመስታወቱ አዩኝ። እስክንቆም ጠበቁ።

"የኋላውን ፈቅጃለሁ" አሉ ለሽማግሌዎቹ። "ለፊቱ ተመለሱ።"

እስከ አሶሳ ክርክር ሆነ። ሐጂ በዕድሜዬ ግማሽ ፈቃድ ሰምቼ አላውቅም ይላሉ። ጋሼ ግማሽም ቢሆን በጎ ነው ይላል። ጋሽ ምንያህል ወገቡን ይዞ፣ "ከፊት ስንት ሰው ቀረን?" ይላል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከፊት ሁለት ሙሳዒድ ተገኘ! ሻዕባን ከመንጌ ይዞልኝ መጣ። አሮጌ ናቸው። ከታች አየኋቸው፣ ደረቅ። ተጫንኳቸው። ቀስ ብለው ተመለሱ። ጋሽ ምንያህልም ተጫናቸው፣ ከኔ ይሻላሉ አለ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል። ዛሬ ካልሆነ አይሆንም።

ደረስን። አቶ አሳምነው መኪናዋን አልተጫኗትም። ሽማግሌዎቹን ግቡ፣ ተቀመጡ አሏቸውና እነሱን ትተው ወደ እኔ መጡ። የፊቱን በር ከፍተው፣ ያለ ሳጥን ገብተው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡት።

"በዚያችው መንገድ ውሰደኝ።"

ሕሊና ሳትጠራ ከኋላ ገባች። የባርኔጣዋ ጉድጓድ ስትቀርብ ትንፋሼን ያዝኩ። ገባን... ወጣን። አንድ ጊዜ። በቃ። ሁለተኛዋንም አለፍናት። ሰረቅ አድርጌ ባያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ተናደዱ አልኩ። ወይ ወገባቸው... ልቁም ወይ ብዬ ሕሊናን በስፖኪዮ አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ጠጋ አለችኝ።

"ተኝቷል" አለች በሹክሹክታ። "አባባ መኪና ላይ አይተኛም እኮ። በሰባ ሰባት ከመጣ ጀምሮ መኪና ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም።"

አልቆምኩም። እንዴት እቆማለሁ? ባምባሲ ድረስ ሄድኩ። ዞርኩ። ተመለስኩ። ቤታቸው ደጅ ስደርስ ገና እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ እንደገና ዞርኩ። ነዳጁ ቢጫ እስኪያበራ። ባርኔጣቸው አልተነቃነቀም። ሕሊና ከኋላ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ አላነሣችውም።

ደጁ ላይ ሞተሩን ሳጠፋ ነቁ። ዙሪያቸውን አዩ።

"ደረስን?"

"ደርሰናል፣ አባባ" አልኩ። አባባ ማለቴን የሰማሁት ካልኩ በኋላ ነው።

እሳቸውም ሰሙት። በሩን ከፈቱ፣ እግራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

"አብሽር" አሉኝ። "አብሽር፣ ልጄ።"

እልልታው ከውስጥ ነው የመጣው፣ እናቷ በመስኮት ታይ ነበር። ጋሽ ምንያህል መሐላው ያበቃ መስሎት በረንዳው ላይ ወጥቶ በሙሉ ድምፁ፣ "የሞላ! እንሂድ!" አለ። ጋሼ አበጀ ግን ግመሏ አጠገብ ቆሞ በመዳፉ ጣሪያዋን እየዳበሰ ነበር። አሁን እጁ ይደርሳል።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሕሊና እጮኛዬ ቤት የጾም ምግብ ልበላ እመጣለሁ፣ ስልስ ይጠብቀኝ አለች። ቲማቲም ገዛሁ፣ ጫንኩ፣ መጣሁ። ቤት ደርሼ ከረጢቱን ከፈትኩት። አንድም አልፈረጠም።

ቢላ እየፈለግኩ ነው።